የቃል ሚዛን፤ ስለ እንግሊዝኛ ቅጽልና ስለ ማበላለጥ

ሰው አንድን ነገር በስሙ ብቻ ቢጠራው፥ የሰማው ሰው ነገሩ ምን እንደ ሆነ ያውቃል እንጂ እንዴት ያለ እንደ ሆነ አያውቅም። «ዛፍ» ቢሉ፥ ዛፉ ረጅም ይሁን አጭር፥ ለምለም ይሁን ደረቅ አልታወቀም። «ረጅም ዛፍ» ቢሉ ግን የዛፉ መልክ በሰሚው ልብ ይሣላል። እንዲህ ከስም ጋር ተጠግቶ የነገሩን መልክ፥ ልክ፥ ጠባይ ወይም ብዛት የሚገልጥ ቃል በሰዋስው ቅጽል ይባላል።

በእንግሊዝኛም ቅጽል እንደ አማርኛው ከስሙ በፊት ይቆማል። አማርኛ «ረጅም ዛፍ» ሲል፥ እንግሊዝኛ «ኤ ቶል ትሪ» ይላል፤ ቶል ማለት ረጅም፥ ትሪ ማለት ዛፍ ነው። በዚህ ነገር ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ። በሌላ ነገር ግን ይለያያሉ። የአማርኛ ቅጽል ስሙ ሲበዛ አብሮ ሊበዛ ይችላል፤ «ረጃጅም ዛፎች»፥ «ትልልቅ ቤቶች» ይባላልና። የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ስሙ አንድ ቢሆን ወይም ብዙ፥ ወንድ ቢሆን ወይም ሴት፥ ስለዚህ ነገር ከቶ አይለወጥም። አንዱ ዛፍ «ቶል ትሪ» እንደ ተባለ፥ መቶው ዛፍም «ቶል ትሪስ» ይባላል። የብዛት ምልክት የሆነችው ኤስ የምትጨመረው በስሙ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቶልስ ትሪስ» የሚል ተማሪ ተሳስቷል።

እንግዲህ የእንግሊዝኛ ቅጽል ስለ ብዛትና ስለ ጾታ የማይለወጥ ከሆነ፥ የሚለወጠው ስለ ምንድር ነው? የሚለወጠው አንዱ ነገር ከሌላው ነገር ጋር ሲመዘን ነው።

ለዚህም ሦስት ደረጃዎች አሉት። ፊተኛው መነሻ ደረጃ ነው፤ ነገሩ ከማንም ጋር ሳይመዘን ብቻውን ሲነገር ነው። ሁለተኛው ማበላለጫ ደረጃ ነው፤ ነገሩ ከሌላ ነገር ጋር ተመዝኖ ልዩነቱ ሲነገር ነው። ሦስተኛው የመጨረሻ ደረጃ ነው፤ ነገሩ ከብዙዎች መካከል ተለይቶ ከሁሉ በላይ መሆኑ ሲነገር ነው።

ሦስት ተማሪዎች ከግድግዳ ተጠግተው ቆመው ቁመታቸው ቢለካ፥ ነገሩ በግልጥ ይታያል። ፊተኛውን ተማሪ ብቻውን ያየ ሰው «ቶል» ይለዋል፤ ይህ መነሻው ነው። ሁለተኛው ተማሪ ከፊተኛው ቢረዝም «ቶለር» ይባላል፤ ይህ ማበላለጫው ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ቢረዝም «ዘ ቶለስት» ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው ነው። እንዲህ ሲሆን ቅጽሉ በመጨረሻው ላይ በማበላለጫ ጊዜ ኢና አር የተባሉትን ፊደላት፥ በመጨረሻ ደረጃ ጊዜ ኢ፥ ኤስና ቲ የተባሉትን ፊደላት ይጨምራል።

አማርኛ ግን ይህን የሚናገርበት መንገድ ሌላ ነው። በአማርኛ «ረጅም» የሚለው ቅጽል ራሱ ተለውጦ ማበላለጫ አይሆንም። የማበላለጡን ሥራ «ከ» የምትባለው ፊደልና ግሱ ይሠሩታል። «ይህ ዛፍ ከዚያ ዛፍ ይረዝማል»፥ «ይህ ቤት ከዚያ ቤት ይበልጣል» ይባላል። በለጠ፥ ላቀ፥ አነሰ፥ ተሻለ፥ ባሰ የሚሉት ግሶች ሁሉ የማበላለጥ ግሶች ናቸው። በግዕዝም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ «ዝንቱ ደብር የዐቢ እምዝክቱ» ሲል፥ «እም» የምትባለው የአማርኛዋን የ«ከ»ን ስፍራ ይዛለች፤ ትርጓሜውም «ይህ ተራራ ከዚያኛው ይበልጣል» ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ የ«ከ»ን ሥራ የሚሠራው ቃል «ዛን» ይባላል። ነገር ግን ቦታው እንደ አማርኛው አይደለም። በአማርኛ «ከ»ን የያዘው ስም ብዙ ጊዜ ፊት ይነገራል፤ «ከወንድሙ እኅቱ ትረዝማለች» ይባላልና። በእንግሊዝኛ ግን «ዛን»ን የያዘው ስም ከቅጽሉ በኋላ በመጨረሻ ይመጣል። ይህ ልዩነት ምን ያህል ብርቱ ነገር እንደ ሆነ የሚከተለው ምሳሌ ያስረዳል።

በአንድ የገጠር ሐኪም ቤት የአገሩን ቋንቋ ገና ያልተማረ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበረ። እንግሊዝኛ የሚማር አንድ ተማሪም በአስተርጓሚነት ያገለግለው ነበር። ተማሪው ትጉህና እውነተኛ ነበረ፤ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃልም በቃሉ አጥንቶ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከወንዝ ማዶ መልእክተኛ እየሮጠ መጥቶ፥ «ጌታዬ፥ በመንደራችን ሁለት በሽተኞች አሉ። አንዱ ሕፃን ነው፤ ቤቱም ከተራራው ላይ ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸውም ከወንዙ ዳር ነው። ከሕፃኑ ይልቅ ሽማግሌው ብሶባቸዋል። ፈጥነው ይድረሱልን» አለ። ይህንም ተናግሮ ለሽማግሌው ቤተ ሰዎች የሐኪሙን መምጣት ሊያበሥር ቀድሞ ሮጠ።

ሐኪሙ በቅሎው እየተጫነ ሳለ፥ ከሁለቱ በሽተኞች የባሰበት ማንኛው እንደ ሆነ ተማሪውን ጠየቀው። ተማሪውም የመልእክተኛውን ቃል እንደ ቅደም ተከተሉ በልቡ ይዞት ነበር። በአማርኛው ፊት የተነሣው ሕፃኑ ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛውም ሕፃኑን አስቀድሞ፥ «ዘ ቻይልድ ኢዝ ዎርስ ዛን ዚ ኦልድ ማን» አለ። ሐኪሙም ይህን ሰምቶ በቅሎውን ወደ ተራራው አቀና።

ዳገቱ ረጅም ነበረ። ከቤቱ ሲደርሱ ግን ሕፃኑ ከእሳት ዳር ተቀምጦ እንጀራ ሲበላ አገኙት። ሐኪሙ ተደንቆ እናቲቱን በተማሪው አፍ አስጠየቃት። እርስዋም፥ «ልጄስ ከትናንት ዛሬ ተሽሎታል። የባሰባቸው ከወንዙ ዳር ያሉት አባታችን ናቸው፤ እስከ አሁን አላያችኋቸውምን?» አለች። ያን ጊዜ የተማሪው ፊት ተለወጠ። ወዲያው ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ነገር ግን ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ጀንበር ጠልቃ ነበር። ሽማግሌውም ከትኩሳት ብርታት የተነሣ ሰው መለየት አቅቷቸው ነበር። ሐኪሙ ሌሊቱን ሁሉ ከራስጌያቸው ሳይለይ አደረ። ሲነጋ ትኩሳቱ በረደላቸው፤ ከብዙ ቀን በኋላም ዳኑ። ሐኪሙ ግን ጥቂት ብንዘገይ ኖሮ ባልደረስንላቸው ነበር አለ።

በመንገድ ሲመለሱ ተማሪው እያለቀሰ፥ «ጌታዬ፥ አንድ ቃል እንኳ አልዋሸሁም» አለ። ሐኪሙም አልተቈጣውም፤ ነገር ግን፥ «ልጄ፥ የተናገርሃቸው ቃሎች ሁሉ መልእክተኛው የተናገራቸው ናቸው። ቦታቸውን ግን ለዋወጥሃቸው። በሚዛን ላይ ያለውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛወረ ሰው፥ ከዕቃው አንዳች ሳይሰርቅ ሚዛኑን ሐሰተኛ ያደርገዋል» አለው።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ደንብ ይገኛል። በማበላለጥ ንግግር ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የሚመዘነው ነው፤ ሌላው የሚመዝኑበት ነው። ገበያተኛ ጨው ሲመዝን በአንዱ ወገን ጨዉን፥ በአንዱ ወገን የሚዛኑን ድንጋይ እንደሚያኖር ማለት ነው። በአማርኛ የሚዛኑ ድንጋይ «ከ»ን የያዘው ስም ነው፤ በእንግሊዝኛም የሚዛኑ ድንጋይ «ዛን»ን የያዘው ስም ነው። ስለዚህ ተማሪ ሲተረጕም አስቀድሞ «ከ»ን ይፈልግ፤ «ከ» የቆመችበትን ስም ባገኘ ጊዜ፥ በፊት ቢሆን በኋላ ቢሆን፥ በእንግሊዝኛው «ዛን»ን በዚያው ስም ፊት አድርጎ ከቅጽሉ በኋላ ያኑረው። የቀረውን ስም በመጀመሪያ ያኑረው። «ከሕፃኑ ይልቅ ሽማግሌው ብሶባቸዋል» በሚለው ቃል ውስጥ «ከ» የቆመችው በሕፃኑ ላይ ነው። እንግዲህ «ዛን ዘ ቻይልድ» ይሆናል፤ ሙሉውም «ዚ ኦልድ ማን ኢዝ ዎርስ ዛን ዘ ቻይልድ» ነው።

ቅጽሎች ማበላለጫቸውን የሚያገኙበት መንገድ ሁለት ነው። አጫጭር ቅጽሎች ከላይ እንደ ተነገረው በመጨረሻቸው ፊደላት ይጨምራሉ። ሎንግ ማለት ረጅም ነው፤ ሎንገር፥ ሎንገስት ይሆናል። ስትሮንግ ማለት ብርቱ ነው፤ ስትሮንገር፥ ስትሮንገስት ይሆናል። ሲጻፉም መጠንቀቅ ይገባል። ቢግ ማለት ትልቅ ነው፤ ቢገርና ቢገስት ተብሎ ሲጻፍ በመጨረሻ ያለችው ጂ ትደገማለች። ሃፒ ማለት ደስተኛ ነው፤ ሃፒየርና ሃፒየስት ተብሎ ሲጻፍ በመጨረሻ ያለችው ዋይ ተለውጣ አይ ትሆናለች።

ረጃጅም ቅጽሎች ግን ሌላ ጭነት ቢጨመርባቸው ለምላስ ይከብዳሉ። ስለዚህ ራሳቸው ሳይለወጡ ሌላ ቃል ከፊታቸው ይቆምላቸዋል፤ ለማበላለጫ «ሞር»፥ ለመጨረሻው «ሞስት» ነው። ቢውቲፉል ማለት ያማረ ነው፤ ሞር ቢውቲፉል፥ ዘ ሞስት ቢውቲፉል ይባላል። ማነስን ለመናገር ሲፈለግ ደግሞ በ«ሞር» ፈንታ «ሌስ»፥ በ«ሞስት» ፈንታ «ሊስት» ይነገራል።

ከነዚህ ከሁለቱ መንገዶች የወጡ ጥቂት ቅጽሎች አሉ፤ እነርሱም በየቀኑ የሚነገሩ ስለ ሆኑ በቃል መጠናት አለባቸው። ጉድ ማለት መልካም ነው፤ ማበላለጫው ቤተር፥ የመጨረሻው ቤስት ነው። ባድ ማለት ክፉ ነው፤ ማበላለጫው ዎርስ፥ የመጨረሻው ዎርስት ነው። ሜኒና ማች ማለት ብዙ ነው፤ የሁለቱም ማበላለጫ ሞር፥ የሁለቱም የመጨረሻ ሞስት ነው። ሊትል ማለት ጥቂት ነው፤ ሌስና ሊስት ይሆናል። ስለዚህ «ጉደር» ወይም «ባደር» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የለም።

ተማሪ በዚህ ሊደነቅ አይገባውም። አማርኛም እንዲሁ ያደርጋልና። በሽተኛ ትናንት ከነበረበት ዛሬ መልካም ቢሆን፥ ሰው «ተሻለው» ይላል እንጂ «መልካም» ከሚለው ቃል አዲስ ቃል አያወጣም። ክፉ በክፉ ላይ ቢጨመርም «ባሰ» ይላል፤ «የባሰ አለ፥ አገርህን አትልቀቅ» የሚለውም ተረት የቆመው በዚሁ ቃል ላይ ነው። እንደዚሁ ቤተር ከጉድ ቃል አልተወለደም፤ ከሌላ የጥንት ሥር የመጣ ቃል ነው። «ተሻለ» ስለ በሽተኛ እንደሚነገር ሁሉ፥ እንግሊዞችም በሽተኛው ሲሻለው «ሂ ኢዝ ቤተር» ይላሉ።

አሁን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱባቸው አራት ነገሮች ይነገራሉ።

ፊተኛው ስሕተት ሁለት ምልክት በአንድ ጊዜ መጨመር ነው። «ሞር ቶለር» ወይም «ሞስት ቤስት» ማለት አይገባም። ቶለር ብቻውን ማበላለጫ ነው፤ ሞርም ማበላለጫ ነው፤ ሁለቱን መደረብ አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ እንደ መክፈል ነው። በጥንት ዘመን እንግሊዞች ራሳቸው እንዲህ ይናገሩ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1564 እስከ 1616 ዓ.ም. የኖረው ታላቁ ደራሲ ሼክስፒር እንኳ በጨዋታ ድርሰቶቹ ሁለቱን ምልክት ደርቦ የጻፈበት ስፍራ አለ። በኋላ ግን የሰዋስው መምህራን ይህን ነቀፉት። ከነዚህ አንዱ ሮበርት ላውዝ ነው፤ እርሱም በ1762 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትሞ፥ ድርብ ማበላለጫ የማይገባ መሆኑን አስተማረ። ዛሬ በትምህርት ቤትና በጽሕፈት የታወቀው ደንብ አንድ ምልክት ብቻ ማድረግ ነው። ነገሩን ማበርታት የፈለገ ግን «ማች» የሚለውን ቃል ከፊቱ አድርጎ «ማች ቶለር» ይላል፤ ይኸውም «እጅግ የሚረዝም» ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ሁለቱን ደረጃዎች ማቀላቀል ነው። ሁለት ነገሮች ብቻ ሲመዘኑ ማበላለጫ ደረጃ ይበቃል፤ ሦስትና ከሦስት በላይ ሲሆኑ የመጨረሻ ደረጃ ይነገራል። ከሁለት ወንድማማች አንዱ «ዘ ቶለር» ይባላል፤ ከሦስት ወንድማማች አንዱ «ዘ ቶለስት» ይባላል። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ግን ከነዚህ አንዱም አይገባም። ያን ጊዜ ቅጽሉ ሳይለወጥ በሁለት «አዝ» መካከል ይቆማል፤ «ዘ ሲስተር ኢዝ አዝ ቶል አዝ ዘ ብራዘር» ማለት «እኅቲቱ የወንድሟን ያህል ትረዝማለች» ማለት ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከማይመሳሰል ነገር ጋር መመዘን ነው። በአማርኛ «የገበሬው በሬ ከጎረቤቱ ይበልጣል» ቢባል፥ ሰሚው በሬ ከበሬ ጋር እንደ ተመዘነ በልቡ አቃንቶ ይሰማል። ይኸንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አዙሮ «ዘ ፋርመርስ ኦክስ ኢዝ ቢገር ዛን ሂዝ ኔበር» ያለ ግን፥ በሬው ከጎረቤቱ ሰውዬ እንደሚተልቅ ተናገረ፤ ሰሚውም ይሥቃል። መናገር የሚገባው «ዛን ሂዝ ኔበርስ ኦክስ» ብሎ ነው፤ ይኸውም «ከጎረቤቱ በሬ» ማለት ነው። በሬ ከበሬ፥ ቤት ከቤት፥ ሰው ከሰው ጋር ይመዘን።

አራተኛው ስሕተት ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ እርሱም ድንበር የሌለው የመጨረሻ ደረጃ ነው። «ከሁሉ የሚበልጥ» ያለ ሰው፥ «ከየትኞቹ ሁሉ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። የተራሮች ነገር ይህን ያስተምራል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ስለዚህ «ራስ ዳሸን ኢዝ ዘ ሃየስት ማውንተን ኢን ኢትዮፒያ» ያለ ሰው እውነት ተናገረ፤ «በኢትዮጵያ ካሉ ተራሮች ሁሉ ከፍ ይላል» ማለት ነውና። «በአፍሪካ» ቢል ግን ሐሰት ሆነ። የኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር፥ ኪሊማንጃሮም 5,895 ሜትር ስለ ሆነ፥ በአፍሪካ ከፍተኛው ኪሊማንጃሮ ነው። ኪሊማንጃሮንም «በዓለም» ያለ ሰው እንዲሁ ሐሰት ተናገረ፤ ከባሕር ወለል በላይ ሲለካ የኤቨረስት ተራራ 8,849 ሜትር ያህል ነውና። ቅጽሉ በሦስቱም ንግግር አንድ ነው፤ እውነቱንና ሐሰቱን የለየው ከኋላ የተጨመረው የአገር ስም ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ የመጨረሻ ደረጃ «ዘ» የሚለውን ቃል ከፊቱ፥ ድንበሩንም ከኋላው ይፈልጋል።

ይህንኑ በማበላለጫ ደረጃ መናገር ቢፈለግ አንዲት ትንሽ ቃል መርሳት አይገባም። «ራስ ዳሸን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል» የሚለው ሲተረጐም «ዛን ኤኒ አዘር ማውንተን ኢን ኢትዮፒያ» ይባላል፤ አዘር ማለት ሌላ ነው። አዘር ባይጨመር፥ ራስ ዳሸን ራሱ ከኢትዮጵያ ተራሮች አንዱ ስለ ሆነ፥ ተራራው ከራሱ ይበልጣል ማለት ይሆናል። ከራሱ የሚበልጥ ነገር ደግሞ የለም።

ደግሞ ፈጽመው የማይበላለጡ ቅጽሎች እንዳሉ ማወቅ ይጠቅማል። ዴድ ማለት የሞተ ነው፤ ከሞቱት መካከል አንዱ ከሌላው ይልቅ ሞተ አይባልም። እንዲህ ያሉትን ቃሎች በመነሻቸው መተው ይሻላል።

የማበላለጥ ትምህርት ስለ ፊደል ብቻ አይደለም። ገበሬ እህሉን ሲሸጥ፥ ምስክር በዳኛ ፊት ሲቆም፥ መልእክተኛ የሰማውን ሲያደርስ፥ ሁሉም ነገርን ከነገር ያበላልጣሉ። «ይህ ከዚያ ይሻላል» በሚል በአንድ ቃል ገንዘብ ይለወጣል፥ ፍርድም ይቈረጣል፥ ሐኪምም ወደ አንዱ ቤት ሄዶ ሌላውን ቤት ይተዋል። ልቡ ቅን የሆነ ሰው እንኳ የቃሉን ሥርዓት ካላወቀ፥ በእውነተኛ ልብ ሐሰት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ሰዋስውን መማር እውነትን ለመናገር ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነው።

ከማን አንሼ የሚል ሰውም ይህን ትምህርት ቢያስተውል ይጠቀማል። «ከማን አንሼ» ማለት ራሱ የማበላለጥ ቃል ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪው የሚለካበትን ልክ አላመጣም፥ ድንበርም አላደረገም። በቁመት ነውን? በዕውቀት ነውን? በትጋት ነውን? ይህን ቢጠይቁት መልስ ያጣል። ብልህ ተማሪ ግን ራሱን ከባልንጀራው ጋር ከመመዘን ይልቅ፥ የዛሬውን ሥራ ከትናንቱ ሥራ ጋር ይመዝናል። ትናንት ሦስት ቃል አጥንቶ ዛሬ አምስት ቢያጠና፥ «ቤተር ዛን የስተርዴይ» ማለት ይገባዋል፤ ይኸውም «ከትናንት ይሻላል» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማበላለጥ ማንንም ሳያሳንስ ሰውን ያሳድጋል።

መልመጃ

1ኛ፤ «ከወንድሙ እኅቱ ትረዝማለች» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልስ። አስቀድመህ «ከ» የቆመችበትን ስም ፈልግ።

2ኛ፤ «ሞር ስትሮንገር» የሚለው ስለ ምን ተነቀፈ? አቃንተህ ተናገር።

3ኛ፤ ሁለት እንቅብ እህል ቢቀርብ፥ ትልቁን እንቅብ ለመናገር «ዘ ቢገር» ይባላል ወይስ «ዘ ቢገስት»? ሦስት ቢሆንስ?

4ኛ፤ አንድ ተማሪ «ጣና ከሐይቆች ሁሉ ይሰፋል» ብሎ ጻፈ። ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ይሰፋል፤ በአፍሪካ ከሁሉ የሚሰፋው ግን የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ተማሪው የጻፈው ቃል እውነት ይሆን ዘንድ ምን ይጨመርበት?

5ኛ፤ አስተርጓሚው ተማሪ አንድ ቃል ሳይዋሽ ሐኪሙን ያሳሳተው እንዴት ነው? በራስህ ቃል አስረዳ።